ዳማ ዘይት ያፈሰሰችበት ክረምት

የዲፍረንሻል ዘይት ሽታ የሚወድ ሰው አላውቅም፤ እኔም አልወደውም። የበሰበሰ እንቁላልና ድኝ አብሮ የከረመ ነው የሚመስለው፤ ልብስ ላይ አንዴ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም። ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ ዝናብ አባሮኝ አንድ ጋራዥ ጣሪያ ሥር ተጠግቼ ቆሜ ሳለ፣ አንድ መካኒክ ከመኪና ሥር ተኝቶ ብሎን ሲፈታ ያ ሽታ መጣ። ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ሁሉ ሲበተን እኔ እዚያው ቀረሁ። "እናቴ፣ የሚጠብቁት መኪና አለ?" አለኝ ልጁ ከሥር ብቅ ብሎ። "የለም ልጄ፣ እያሸተትኩ ነው" አልኩት። ዕብድ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ያ ሽታ ለእኔ ያደግኩባት ከተማ፣ መካነ ሰላም ነው። መሬት ላራሹ የታወጀበት ዓመት ክረምት። ንጉሡ ወርደዋል ይባል ነበር፤ እኔ የማውቀው ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረው ፎቶግራፍ መውረዱንና ሚስማሩ ብቻ መቅረቱን ነው። ረሃቡ ግን ያልወረደ ነገር ነበር። "እሱ አዋጅ አልሰማ" ትላለች እናቴ። ቤታችን ውስጥ ገብስ አልጠፋም፤ ግን እናቴ ዱቄቱን በእጇ እየመጠነች፣ ቢስሚላህ እያለች፣ የእያንዳንዳችንን ቂጣ ለየብቻ የምትጋግርበት ጊዜ ነበር።

ከከተማው ጫፍ አንድ የእህል መጋዘን ነበረ። እህል ስለሌለው ሰው ገባበት። ከቆላው የወጡ፣ ከብታቸው ያለቀ፣ አንዳንዶቹም ከራሳችን ደጋ ሰብል ጠፍቶባቸው የመጡ። ቁርኣን ልቀራ ወደ ሸህ ቤት ስሄድ በዚያ አልፋለሁ። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ስጠራቸው አይመልሱም፣ ኳስ ብወረውርላቸው አያነሱም። እኔ የሚኮሩብኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለእናቴ "የመጋዘኑ ልጆች ጥጋበኞች ናቸው" አልኳት። እናቴ እጇን አነሣች፤ መልሳ ግን አወረደችውና ፊቷን አዞረች። ለምን እንዳልመታችኝ ነበር ያልገባኝ።

ለእነዚያ ልጆች የዱቄት ወተት ከደሴ ይላካል። ትልቁ የጭነት መኪና ግን ክረምት ሲሆን ከአቀስታ ወዲህ ያለውን ጭቃ አይደፍርም፤ ወተቱን አቀስታ አራግፎ ይመለሳል። አህያና በቅሎ የነበረው ሁሉ በረሃቡ ሸጦ ጨርሷል። ስለዚህ ከአቀስታ ወደ እኛ ወተት የምታመጣ አንዲት የመንግሥት ጂፕ ብቻ ነበረች፤ በአራቱም እግሯ የምትስብ። መልኳ እንደ በቅሎ ዳማ ስለነበር ልጆች ዳማ አልናት፤ ትልልቆቹም ከእኛ ወሰዱት። ዳማ ከሄደች ወተት አለ፣ ዳማ ከቆመች የለም። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

የዳማ ሾፌርም መካኒክም አያ ይማም ነበር፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። አባቴ ለሥራ ሁመራ ወርዶ ስለነበር እኛ ቤት ነበር የሚኖረው። ዳማም የምታድረው ከአጥራችን ጋር በተያያዘ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። አያ ይማም ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አይወድም፤ ከዳማ ጋር ነበር የሚያወራው። ዳገት ስትወጣለት "እመቤቴ" ይላታል፤ አልነሣም ስትል "አንቺ የአህያ ዘር" ይላታል። እናቴ ትስቅበታለች፤ "ሚስት ብታገባ ኖሮ ይህን ሁሉ ስድብ የት ታገኘው ነበር" እያለች።

ሌላው የዳማ ሰው ዘበኛዋ አባ ደምሌ ናቸው። የወግዲ ሰው፣ ማኅበራቸውን የማያስታጉሉ ክርስቲያን፣ ንብ አርቢ። አባ ደምሌ ክፍት ቀዳዳ አይተው ማለፍ አይችሉም። ቀፎ ሲመርጉ፣ የጠላ ጋን አፍ ሲመርጉ ያደጉ እጆች ናቸው። የእኛ ቆርቆሮ ካፈሰሰ ሳይጠሩ መሰላል ተሸክመው ይመጣሉ። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሰም ድቡልቡልና ትንሽ ጥጥ አለ፤ ጥጡን በሰም ነክረው ይጠቀጥቃሉ፣ ከላይ ሰም ይደፍናሉ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል፤ አለቀ። እናቴ "ሞት ራሱ ቢመጣ አባ ደምሌ መግቢያውን መርገው ነው የሚጠብቁት" ትል ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ጋን ሁሉ የእሳቸው አውራ ጣት አለበት።

ክረምቱ እንደገባ ዳማ ከአቀስታ ስትመለስ ወንዝ ሞልቶባት እስከ ሆዷ ውሃ ውስጥ ገብታ ወጣች። በማግሥቱ አያ ይማም ከኋላ ጎማዎቿ መካከል ካለው ዱባ ከሚያክል ድቡልቡል ብረት ሥር ባልዲ ደገነና ብሎን ፈታ። ያ ብረት ነው ዲፍረንሻል የሚባለው። ጥቁር ዘይት ይወጣል ብዬ ስጠብቅ የወጣው ነጭ ነው፤ ወፍራም፣ አረፋ ያለው፣ ልክ የታለበ ወተት። እኔ ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። "ዳማ ታለበች!" ብዬ እየጮኽኩ ሮጬ ጣሳ ይዤ መጣሁ፤ ለመጋዘኑ ልጆች ላደርስ።

አያ ይማም ሲስቅ እጁ ላይ ያለው ቁልፍ ወደቀ። "ወተት አይደለም እኮ ዘሃራ። ውሃ ገብቶበት ነው። ዘይትና ውሃ አብረው ሲናጡ እንዲህ ይነጣሉ።"

"ታዲያ ሽታው ለምን ይገማል?"

"ወተት ስላልሆነ ነዋ!"

አባ ደምሌ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው "ውሃው በየት በኩል ገባ?" ሲሉ ጠየቁ። አያ ይማም ከብረቱ አናት ላይ ያለች የጣት ጫፍ የምታክል ቀዳዳ በዘይታም ጣቱ ጠቆማቸው። "በዚህች ሳይሆን አይቀርም" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ብዙ ማውራት አይወድም ብያችኋለሁ። ያኔ ሁለት ቃል ቢጨምር ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራው ባልኖረኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጉዞ ነው ጉዱ። ዳማ ባዶዋን ወደ አቀስታ ስትወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ አያ ይማም ፍሬን ቢረግጥ ፍሬን የለም። ምን ያድርግ፣ መሪውን ወደ ተራራው አዙሮ ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አላተማት። ገደሉ በሌላው በኩል ነበር። ከጎኑ አንድ ወታደር ነበረ፤ ከደሴ ለርዳታው ጥበቃ የተላከ አስር አለቃ። ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ደሙ ካኪው ላይ ደርቆ፣ ዳማ በእርምጃ እያዘገመች ተመለሱ። ወተቱ አቀስታ ቀረ።

አያ ይማም ከመኪናዋ ወርዶ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ዳማን በክሪክ አነሣት። የኋላ ጎማ ሲያወልቅ ያ ሽታ አጥራችንን አልፎ ቤት ገባ። ከጎማው ጀርባ የሚንጠባጠበውን በጣቱ ነክቶ በአውራ ጣቱ አሸው፣ አሸተተው። "የፍሬን ዘይት ቢሆን ቀጭን ነው፣ በውሃ ይለቃል። ይሄ ወፍራም ነው" አለ፤ ለዳማ ነው የሚነግራት። "ያንቺው የሆድ ዘይት ነው። ለምን ተፋሽው?" ከብረቱ ውስጥ ያለው ዘይት በጎማው በኩል ሾልኮ ወጥቶ የፍሬኑን ሸራ አርሶታል። ዘይት የጠጣ ሸራ ብረት አይጨብጥም፤ ያንሸራትታል። ፍሬኑ የከዳው ለዚህ ነው። በዚያኛው ጎን ያለውን ጎማ ቢያወልቅ እሱም ያው ነው።

አስር አለቃው ግንባሩን በሻሽ አስሮ ከዳሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። "ወተቱ ሊመጣ ሲል መኪና ይበላሻል፤ እኔ ስሳፈር ፍሬን ይጠፋል" አለ። "ይሄ አሻጥር ነው። ወይ አንተ ነህ፣ ወይ የምታውቀው ሰው ነው።"

"ዘይት የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት አርጅቶ ይሆናል፣ ጌታዬ። ፓራኦሊዮ ነው የምንለው። ልቀይረውና ይዩት።"

"ቀይር። ከቀየርከው በኋላ ካፈሰሰች ግን እኔና አንተ ደሴ ነን።"

ደሴ ማለት ለእኔ ከረሜላ የሚመጣበት አገር ነበር። እናቴ ግን ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። በዚያ ወራት እንዲህ ተብሎ ደሴ የተወሰደ ሰው ሲመለስ ያየ የለም። አያ ይማም እንዳይታሰር ዳማ ማፍሰሷን ማቆም ነበረባት፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ዳማ እንደቆመች ሰነበተች። አያ ይማም ሸራዎቹን በቤንዚን አጠባቸው፣ እሳት ላይ ይዞ ዘይቱን አቃጠለላቸው፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥል ነበር። ለክፉ ቀን ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጣቸውን አዲስ ፓራኦሊዮዎች አወጣ። የተረፈ የለውም፤ ያሉት እነዚያ ብቻ ናቸው። እየነካካ፣ እየለካ፣ በሞራ እየቀባ ሲያስገባቸው የአራስ ልጅ የሚያለብስ ነበር የሚመስለው።

በዚያው ሰሞን ወደ ሸህ ቤት ስሄድ ከመጋዘኑ ሰዎች ነጭ፣ አጫጭር ጥቅሎችን ታቅፈው ሲወጡ አየሁ። ወደ ቤት ሮጥኩ። "እማ፣ ወተቱ መጣ! በጆንያ በጆንያ አድርገው እየወሰዱ ነው!" እናቴ ገብስ ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ። "ወዴት ይዘውት ሄዱ?" አለችኝ። "ወደ መቃብሩ በኩል" አልኳት። ዳማ ሳትሄድ ወተት ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ወተት መቃብር ምን እንደሚሠራም። እናቴ አልነገረችኝም። እኔም ያወቅኩት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሌላ ነገር እየሠራሁ፣ በድንገት ነው፤ የያዝኩትን ጥዬ ተቀመጥኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ወተት የምትበጠብጠው ሰናይት ነበረች፤ ለዘመቻ ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪ። ሱሪዋንና አጭር ፀጉሯን አይቼ መጀመሪያ "ይሄ ልጅ ለምን ጉትቻ አደረገ?" በማለቴ እናቴ ቆንጥጣኛለች። በየቀኑ ማንኪያዋን ይዛ ዳሱ ጋ ትመጣለች። "አያ ይማም፣ ዛሬስ?" ትላለች። "አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ነገ" ይላታል። ነገ ሲሆንም ትመጣለች።

በመጨረሻ የዳማ ጥገና አለቀ። አዲስ ዘይት ጠጣች፣ ጎማዎቿ ገቡ። አያ ይማም አስር አለቃውን ከጎኑ አስቀምጦ እስከ ዳገቱ አናት ነድቷት ተመለሰ። እኔ አጥሩ ላይ ባለው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዳማ ገባች፣ ቆመች፣ ሞተሯ ጠፋ። ሁላችንም የኋላ ጎማዎቿን እናያለን። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆየት ብሎ ከቀኙ ጎማ ጠብ፤ ከግራውም ጠብ።

አስር አለቃው ቤልቱን አስተካከለና ጠመንጃውን ሊያመጣ ወደ ማደሪያው ሄደ።

አያ ይማም ከዳማ ጎን ጭቃው ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ሰናይት አጠገቡ ቁጢጥ አለች። "እኔ ስለ መኪና አላውቅም" አለች፤ "ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አንዱ አርጅቶ ነው እንበል። ሁለቱም፣ በአንድ ቀን፣ አዲሶቹም ጭምር? ጥፋቱ ከጎማዎቹ ሳይሆን ከሁለቱ መሐል ካለው ነገር ቢሆንስ?"

አያ ይማም አያት። ከዚያ "ያ ረቢ!" አለና በጀርባው ተኝቶ ከዳማ ሥር ገባ።

እኔ ከዳማ ኋላ በኩል ከተቀመጥኩበት ሆኜ ከሰናይት የተሻለ አየው ነበር። እጁን ወደ ድቡልቡሉ ብረት አናት ሰደደ፤ ያቺን ቀዳዳ ፈለገ። ከኪሱ ሽቦ አውጥቶ ቆረቆረ፣ ፈለቀቀ። ድንገት እስስስ የሚል ድምፅ መጣ፤ ዳማ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። አሁን ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው፤ ብረቱ ሲሮጥ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፣ በዚያች ቀዳዳ መውጣት አለበት። ቀዳዳዋ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን እየገፋ ባገኘው በኩል ያስወጣዋል፤ አፉ የተመረገ ጋን ጠላው ሲፈላ እንደሚፈነዳው። ያን ጊዜ ግን እኔ ያየሁት እጁ ላይ የመጣውን ነገር ነው። ሰም ነበር። ጥጥ የተጠቀጠቀበት ሰም፣ ከላዩ በአውራ ጣት ጫን የተደረገ።

የአስር አለቃው ጫማ ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። አያ ይማም ሰሙን አየው፣ ወደ ጫማዎቹ አየ። ከዚያ ሰሙን አፉ ውስጥ ከተተው፣ አኘከው፣ ዋጠው።

እንዴት እንደተናደድኩ ልንገራችሁ! የማር ሰፈፍ ማኘክ የማይወድ ልጅ የለም። ማር ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ እያየሁት፣ አንዲት ቁራሽ ሳይሰጠኝ፣ ከመኪና ሥር ተደብቆ ብቻውን በላው። ንዴቴ ሲበርድ ደግሞ ሐፍረት መጣ። በእኛ ቤት በዚያ ዓመት ከስርቆት የሚከፋ ነውር ቢኖር ተደብቆ መብላት ነው። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሰው እየተራበ ተደብቆ የሚበላ ሰው አጎቴ እንዲሆን አልፈለግኩም።

አያ ይማም ከሥር ወጣ። "አገኘሁት" አለ። "መተንፈሻዋን ጭቃ ደፍኖት ነው። በወንዙ ጊዜ የገባ ጭቃ። አጸዳሁት፤ ከእንግዲህ አታፈስም።"

"ጭቃው የታለ?" አለ አስር አለቃው።

"ጠርጌ ጣልኩት።"

"የት?"

መሬቱ ሁሉ ጭቃ ነው፤ የትኛውን ያሳየው? አስር አለቃው መሬቱን አየ፣ የአያ ይማምን እጅ ገልብጦ አየ። እጁ ጥቁር ዘይት ብቻ ነው። ከዚያ ቀና ሲል አጥሩ ላይ እኔን አገኘኝ።

"አንቺ፣ ነይ ውረጂ።"

ወረድኩ። አስር አለቃው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ከፊቴ አስተካከለ፤ ሻሹ የደረቀ ደም ይሸታል። "ልጆች አይዋሹም" አለኝ። "አጎትሽ ከዚያ ያወጣው ምንድን ነው? አይተሻል?"

አያ ይማምን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። መብላቱን እንዳልናገርበት ነው የፈራው ብዬ አሰብኩ። አንጀቴን በላው፤ ያን ያህል ከራበውስ ለምን አልነገረንም? ሸህ ውሸት የሚጽፍ መልአክ በግራ ትከሻ ላይ እንዳለ አስተምረውናል፤ ግራ ትከሻዬ ከበደኝ። ግን የሥጋ ዘመድ ነው። በሰው ፊት፣ ያውም በሰናይት ፊት፣ አጎቴ ተደብቆ በላ ብዬ እንዴት ልናገር?

"ጭቃ ነው" አልኩ።

"በዓይንሽ አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ጥቁር ጭቃ። ሲወጣ እስስስ አለ።"

አስር አለቃው ወደ አያ ይማም ቀና ብሎ "አንድ ጊዜ ደግመህ ንዳት" አለው። ነዳት። እስከ ዳገቱ አናት ወጥታ ተመለሰች። ቆመን ጠበቅን። ጎማዎቿ ሥር ያለው መሬት አልረጠበም። አስር አለቃው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ "ጠዋት ወደ አቀስታ" አለና ሄደ። ደሴ ቀረ ማለት ነው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ "አልሃምዱሊላህ" አለች።

ሰናይት ስትሄድ በአያ ይማም አጠገብ አለፈች። "ጥርስህ ላይ ጥጥ አለ" አለችው በቀስታ። አያ ይማም አፉን በእጁ ሸፈነ። "ተጉመጥመጥ" አለችና ማንኪያዋን አንሥታ ወደ መጋዘኗ ሄደች።

እሷም መብላቱን አወቀችበት ብዬ ተሳቀቅኩ። የዚያን ዕለት እራት ላይ ቂጣዬን ለሁለት ከፈልኩ፤ ግማሹን በላሁ፣ ግማሹን ሻሼ ውስጥ ደበቅኩ።

ወተቱ በማግሥቱ መጣ። ይህን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ልባችሁ እዚያ እንዳይንጠለጠል። ፍሬኑም ያዘ፣ ወንዙም አሳለፈ፤ ሰናይት እስኪመሽ ስትበጠብጥ ዋለች። የሞቱት ግን አልተመለሱም። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ጠዋቱን ነው፤ ዳማ ገና ሳትወጣ።

ጉም ነበር። አያ ይማም የዳማን ሞተር ከፍቶ ዘይት ይለካል። ከሻሼ ቂጣዋን አውጥቼ ዘረጋሁለት።

"እንካ፣ አያ።"

"ምንድን ነው?"

"ቂጣ። ከእንግዲህ ሲርብህ ለእኔ ንገረኝ። ተደብቀህ አትብላ። ትላንት ሰፈፉን ስትበላ አይቼሃለሁ። ግን አልተናገርኩብህም፤ ጭቃ ነው አልኳቸው።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። የዳማ መረማመጃ ላይ ቁጭ አለና ቂጣዋን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው። በሩን ሊከፍቱለት አባ ደምሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ፤ ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። የቀደመውን ቀን ተኝተው ስለዋሉ የሆነውን አልሰሙም ነበር።

"አባ ደምሌ፣ ቁርስ አለ" አላቸው አያ ይማም። ቂጣዋን ለሦስት ቆረሰ። "ዘሃራ ናት የጋበዘችን።"

"እደጊ ልጄ፣ እንጀራ ይውጣልሽ" አሉኝና ጎረሱ። "ታዲያ ዳማችን ዳነች?"

"ዳነች። መተንፈሻዋ ተደፍኖ ነበር። ከብረቱ አናት ላይ ያለችው ቀዳዳ።" አያ ይማም ቂጣውን እያየ ነበር የሚናገረው። "አባ ደምሌ፣ ያቺን ቀዳዳ ከእንግዲህ አትንኩብኝ። በእሷ ነው የምትተነፍሰው።"

አባ ደምሌ ማኘካቸውን አቆሙ። ዳማን አዩ፣ የራሳቸውን አውራ ጣት አዩ፣ ከጉሙ ባሻገር መጋዘኑ ወዳለበት አዩ። በዚያ ሰሞን እነዚያን ነጭ ጥቅሎች ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

"ሰም ነው ያገኘኸው?" አሉ።

"ጭቃ ነው" አለ አያ ይማም። "ዘሃራ እንኳ አይታዋለች።"

አባ ደምሌ ወደ እኔ ዞሩ። ከንፈራቸው ላይ የቂጣ ፍርፋሪ ነበር። "እውነት ጭቃ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ። ትልቅ ሰው በዚያ ዓይነት ድምፅ ሲለምነኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ለምን እንደሚለምኑኝ አላወቅኩም፤ እሳቸውም ስለ አጎቴ ሆዳምነት ሰምተው ያዘኑ መሰለኝ።

"ወላሂ ጭቃ ነው" አልኩ።

አባ ደምሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ወደ ዳማ ዞረው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ቂጣቸውን ጨርሰው በሉ።